ገበጣን ስልክ ውስጥ ለማስገባት ከእምዬ ጋር የተከራከርኩት

ይሄ ባለፈው ቅዳሜ ኮድ ለሚማሩ ልጆች ያወራሁት ነው። አንዱ ልጅ በስልኩ ቀድቶት ነበር፣ ቁጭ ብዬ ወደ ጽሁፍ ገለበጥኩት፣ "እእእ" እና "ምናምን" የሚለውን በተቻለኝ አወጣሁ (ሁሉንም አልቻልኩም)፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ ያን ቀን የረሳሁትን ጨምሬበታለሁ።

እሺ፣ እንደምን ዋላችሁ፣ ኋላ ያላችሁት ይሰማችኋል? ጥሩ። መጀመሪያ እስኪ እጃችሁን አውጡልኝ፣ ገበጣ ተጫውቶ የሚያውቅ? አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት... አስር አትሞሉም። ገበታ አላልኩም፣ ገበጣ፣ ጉድጓድ ያለው ሰሌዳ ላይ ጠጠር እየጣሉ የሚጫወቱትን። ትስቃላችሁ ግን ይሄን ስራ ስጀምር ለጓደኞቼ በላቲን ፊደል "ገበጣ እየሰራሁ ነው" ብዬ ስጽፍላቸው ግማሾቹ የምግብ አፕ መስሏቸው "ዴሊቨሪው መቼ ነው የሚጀምረው" ይሉኝ ነበር፣ ጣ እና ታ እዛ አንድ ናቸዋ።

ነገሩ የተጀመረው ደብረ ማርቆስ ነው። አያቴ እዛ ናቸው፣ ሁላችንም እምዬ ነው የምንላቸው። እህቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፣ ከሁለት አመት በፊት ክረምት ላይ ልጆቿን ይዛ መጣች፣ ትልቁ 9 አመቱ ነው። እምዬ ከዋንዛ የተጠረበ አሮጌ ገበጣ አላቸው፣ ጠጠሩ ከወንዝ የተለቀመ ነው፣ የጠፋው በሽንብራ ተተክቷል፣ እና ዝናብ ሲሆን መብራትም ሲጠፋ አወጡትና ልጁን "ና ተቀመጥ" አሉት። ልጁ ሲያየው ዓይኑ በራ፣ "ይሄማ ማንካላ ነው፣ ትምህርት ቤት እንጫወተዋለን!" አለ። እኛ ደስ አለን። ሶስት ደቂቃ አልቆየም ጥል ተነሳ።

ልጁ ጫፍና ጫፍ ያሉትን ትልልቅ ጉድጓዶች ነበር የሚፈልገው፣ የበላኸውን የምታጠራቅምበት፣ እንደ ጎተራ በሉት። የእምዬ ሰሌዳ ላይ የለም፣ እምዬ የበሉትን ጭናቸው ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ልጁ የተማረው ካላህ የሚባለውን ነው፣ ዊልያም ቻምፒዮን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ በ1940 ያወጣው አይነት፣ ቀለል ያለ ነው፣ የመጨረሻዋ ጠጠር ጎተራህ ውስጥ ከወደቀች አንዴ ትደግማለህ። ዛሬ ስልካችሁ ላይ "ማንካላ" ብላችሁ ብትፈልጉ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣላችሁ እሱ ነው። ማንካላ ራሱ ግን የአንድ ጨዋታ ስም አይደለም፣ ከአረብኛ የመጣ ቃል ነው፣ ማዘዋወር ከሚለው፣ የጠቅላላው ቤተሰብ ስም ነው፣ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ደቡብ እስያ ያለው ጠጠር እየጣሉ መዞር ሁሉ እሱ ውስጥ ይገባል። እና ልጁ እምዬ የሚያጭበረብሩ መሰለው፣ እምዬ ደግሞ ልጁ ያበደ መሰላቸው፣ እኔ መሃል ላይ ላፕቶፔን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። የዛኔ ነው አፌ ያመጣውን ያልኩት፣ "በሁለት ሳምንት ውስጥ የእምዬን ገበጣ አፕ አድርጌ እሰራላችኋለሁ፣ አሜሪካም ሆናችሁ አብራችሁ ትጫወታላችሁ"። ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ለማያውቅ ህጉን ልንገር፣ የኛን ቤት ህግ ማለቴ ነው፣ ይቺን "የኛ ቤት" የምትለዋን ያዙልኝ። ሁለት ረድፍ አለ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ ባጠቃላይ 12፣ እያንዳንዱ ውስጥ 4 ጠጠር፣ ስለዚህ 48። ወደ አንተ ያለው ረድፍ ያንተ ነው። ተራህ ሲደርስ ከራስህ ረድፍ አንዱን መርጠህ ያለውን በሙሉ ታነሳና ወደ ቀኝ እየዞርክ አንድ አንድ ትጥላለህ። የመጨረሻዋ ጠጠር የወደቀችበት ጉድጓድ ባዶ ካልነበረ እዛ ያለውን በሙሉ አንስተህ ትቀጥላለህ፣ ባዶ ከነበረ ታርፋለህ። የመጨረሻዋ ጠጠር ሶስት ያለበት ላይ ወድቃ አራት ካደረገችው ደግሞ "ላም ወለደች!" ይባልና አራቱን ትበላለህ፣ ተራው የሌላው ይሆናል። አለቀ። ይሄን ኮድ ማድረግ ለናንተም ቀላል ነው፣ 12 ቁጥር የያዘ አንድ ዝርዝር እና አንድ ሉፕ፣ እየደጋገመ የሚሰራ ትዕዛዝ ነው፣ በአንድ ማታ ጨረስኩት፣ እንደውም ራት ሳልበላ ጨረስኩና ለእህቴ "ሁለት ሳምንት ብዬ ነበር፣ ነገ ትጫወታላችሁ" ብዬ ጻፍኩላት።

በማግስቱ ለእምዬ ስልኩን ሰጠኋቸው። አንዱን ጉድጓድ ነኩ። ስክሪኑ ብልጭ አለና ቁጥሮቹ ሁሉ ተቀያየሩ። እምዬ ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ "ማነው የነካካብኝ?" አሉ።

አሁን ይሄን ተከተሉኝ፣ ምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። ከ1ኛው ጉድጓድ ተነሱ እንበል። አራቱ ጠጠር 5ኛው ላይ ያልቃል፣ እሱ 5 ሆኗል፣ ይነሳል፣ 10ኛው ላይ ያልቃል፣ እሱም 5 ሆኗል፣ ይነሳል፣ ዞሮ 3ኛው ላይ ያልቃል፣ 3ኛው 6 ሆኗል፣ ይነሳል፣ 9ኛው ላይ ያልቃል፣ እሱም 6፣ ይነሳል፣ እንደገና ዞሮ 3ኛው ላይ ይደርሳል፣ 3ኛው ቅድም ስለተነሳ ባዶ ነው፣ አረፈ። አምስት ጊዜ አነሳችሁ፣ 26 ጠጠር ጣላችሁ፣ አንድም አልበላችሁም። ይሄ ሁሉ አንድ ተራ ነው! ኮምፒውተሩ ለዚህ ጊዜ አይፈጅበትም፣ ሰው ግን 26ቱን በዓይኑ መከተል አለበት፣ ካልተከተለ ጨዋታ አይደለም፣ ሎተሪ ነው። እና ደግሞ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ጉድጓድ እኩል 4 ስለሆነ ከየትኛውም ብትነሱ መልኩ ያው ነው፣ ቦታው ብቻ ነው የሚዞረው። ይሄን ያየሁት ስድስቱንም በኮድ ሳስሮጥ ነው፣ ግኝት መስሎኝ ለእምዬ ነገርኳቸው፣ "ታዲያ የመጀመሪያውን ለልጅ የምንለቀው ለምን ይመስልሃል?" አሉኝ። አፌን ዘጋሁ።

ስለዚህ አኒሜሽን አስገባሁ፣ ጠጠር በጠጠር። መጀመሪያ አንዷን ጠጠር በአንድ ሰከንድ ሳደርግ 26ቱ ግማሽ ደቂቃ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም፣ ልጆቹ ተኙ። ሩብ ሰከንድ ሳደርግ ልጆቹ ተስማማቸው፣ እምዬ "ይሮጣል" አሉ። በመጨረሻ ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ እምዬ በእጃቸው ሲጥሉ ቪዲዮ ቀረጽኳቸውና ቆጠርኩ። እኩል አይጥሉም! የመጀመሪያዎቹን ቶሎ ቶሎ ነው የሚለቋቸው፣ እጃቸው ውስጥ ሁለት ሶስት ሲቀር ቀስ ይላሉ፣ የመጨረሻዋን ከፍ አድርገው ትንሽ ይዘው ነው የሚጥሏት፣ ተጋጣሚው ልቡ እስኪሰቀል። ያችን መዘግየት ኮዱ ላይ ስጨምር ስልኩ ገበጣ መሰለ። ድምጹንም ከዛው ሰሌዳ ቀረጽኩ፣ ባዶ ጉድጓድ ላይ የምትወድቅ ጠጠር እና ጠጠር ላይ የምትወድቅ ጠጠር ድምጻቸው ይለያያል፣ እምዬ ዓይናቸው ስለደከመ በድምጹ ነው የሚያውቁት፣ እኔ ይሄን እስከዛ ቀን ልብ ብዬ አላውቅም።

ከዛ ህጉ መጣ። አልቋል ያልኩት ህግ። የአባቴ ወገን ወሎ ነው፣ አጎቴ አንድ እሁድ መጥተው አፑን ሲያዩ "ይሄማ ስህተት ነው" አሉ። ምኑ? እሳቸው ቤት የመጨረሻዋ ጠጠር ብቻ አይደለችም የምታስወልደው፣ መንገድ ላይ እየጣልክ ስታልፍም አራት የሞላ ጉድጓድ ካለ ባለቤቱ ይበላዋል፣ ተራው የማንም ይሁን። እምዬ ይሄን ሲሰሙ "እንዲህማ ከሆነ ሌባ ነው የምታሳድጉት" አሉ። አጎቴ ደግሞ "የእናንተኛው ነው እንቅልፍ የሚያስመጣው"። እኔ ሞኙ "ትክክለኛው የቱ ነው" ብዬ መጻፍ ጀመርኩ፣ ሰው ጠየቅኩ፣ የቢሮ ጓደኞቼን፣ የሰፈር ሰው፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር፣ ሁሉም ሌላ ነገር ይነግረኛል፣ ሁሉም ደግሞ እርግጠኛ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ በ1971 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የሚባል መጽሔት ላይ ስለ ገበጣና ዘመዶቹ ረጅም ጽሁፍ አላቸው፣ ከየአካባቢው የተሰበሰበ ነው፣ ረድፉ ይለያያል፣ ጉድጓዱ ይለያያል፣ የጠጠሩ ቁጥር፣ አቅጣጫው፣ አበላሉ፣ ሁሉ ይለያያል፣ የትኛው እናት እንደሆነ የትኛው ልጅ እንደሆነ እኔ አልገባኝም። ያንን ካየሁ በኋላ ነው ትክክለኛውን መፈለግ የተውኩት።

ቼዝ ህግ አለው፣ ፌዴሬሽን አለው፣ ኮድ የሚጽፍ ሰው መጽሐፉን ገልጦ ይጽፋል። ገበጣ ላይ ህጉ ያለው ሰዎቹ መሃል ነው፣ ጠጠሩ ሳይደረደር በፊት "በምን ነው የምንጫወተው?" ይባላል፣ ትንሽ ይጨቃጨቃሉ፣ ይስማማሉ፣ ከዛ ይጀመራል፣ እና ያ ጭቅጭቅ የጨዋታው አካል ነው። እኔ አፑን ሰርቼ ጭቅጭቁን ሰርዤው ነበር፣ ኮዱ "ይሄ ነው ህጉ" ብሎ ዝም ያሰኛችኋል፣ ክርክር የማይገባው ግትር ሽማግሌ ማለት ነው። ስለዚህ መለስኩት። አሁን አፑ ሲከፈት ለሁለቱም ተጫዋች ጥያቄ ያመጣል፣ መንገድ ላይ የሞላ አራት ይወልዳል አይወልድም? ከወለደች በኋላ ይደገማል ወይስ ይታረፋል? አንዱ ረድፉ ባዶ ከሆነ የቀረው ጠጠር የማነው? ሁለቱም አንድ አይነት ካልመለሱ አይጀምርም፣ "አልተስማማችሁም" ይላል፣ ደውላችሁ ተነጋገሩ ማለት ነው። አንድ ዲዛይነር ጓደኛዬ "ይሄ ከሁሉም የከፋ ስክሪን ነው፣ ተጠቃሚውን ታባርራለህ" አለኝ። ሊሆን ይችላል። እህቴ ግን ከእምዬ ጋር በሳምንት ሶስቴ መደወል የጀመረችው በዛ ስክሪን ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ኮድ ልመልሳችሁ፣ በጣም ወደምወደው ባግ፣ የኮድ ስህተት ማለቴ ነው። ቴስት ለማድረግ እንዲመቸኝ ትንሽ ሰሌዳ ሰራሁ፣ ሶስት ጉድጓድ ብቻ ያለው፣ ጠጠሩን በዘፈቀደ እየሞላ ይጫወታል። ለሊት እንዲሮጥ ትቼው ተኛሁ፣ ጠዋት ስነሳ ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ግሏል፣ ፕሮግራሙ አንድ ተራ ላይ ቆሟል፣ ቆሟል እንኳን አይባልም፣ እየዞረ ነው። ሶስት ሲኒ ደርድራችሁ እናንተም ሞክሩት። የመጀመሪያው ውስጥ 2፣ ሁለተኛው ባዶ፣ ሶስተኛው 1። ከመጀመሪያው ተነሱ፣ አንድ ለሁለተኛው፣ አንድ ለሶስተኛው፣ ሶስተኛው 2 ሆነ፣ ባዶ ስላልነበረ ይነሳል፣ አንድ ለመጀመሪያው፣ አንድ ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው 2 ሆነ፣ ይነሳል፣ አንድ ለሶስተኛው፣ አንድ ለመጀመሪያው። ስንት ስንት ሆነ? 2፣ ባዶ፣ 1። ከጀመርንበት! ሲኒው ካልተሰበረ በቀር አያልቅም።

እኔ "ይሄማ ሶስት ስለሆነ ነው፣ 12 ጉድጓድ ላይ አይሆንም" ብዬ ነበር። ከዛ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ፣ አንድ ቅዳሜ ሙሉ፣ ሚስቴ ሎተሪ የምሞላ ነው የመሰላት። ይሄው ጻፉት፣ 5፣ 2፣ 0፣ 3፣ 1፣ 4፣ 2፣ 0፣ 3፣ 1፣ 4፣ 2። ድምሩ 27 ነው። 5 ካለበት ተነሱና ጣሉ። የመጨረሻዋ 4 የነበረበት ላይ ትወድቅና 5 ታደርገዋለች፣ አሁን ከሱ ጀምራችሁ ዙሩን ብታነቡት እንደገና 5፣ 2፣ 0፣ 3፣ 1፣ 4 እያለ ይሄዳል፣ መልኩ ያው ሆኖ አምስት ጉድጓድ ወደፊት ተራምዷል። 12 ጊዜ ስታነሱ መጀመሪያው ቦታ ትመለሳላችሁ። በእምዬ ህግ የመጨረሻዋ ጠጠር ሁሌም 5 ነው የምታደርገው፣ 4 አታደርግም፣ ስለዚህ ላሟ ለዘላለም አትወልድም። (በአጎቴ ህግ ግን መንገድ ላይ 3 የነበረው 4 ስለሚሆን ይበላና ዙሩ ይሰበራል፣ አጎቴ ይሄን ስነግራቸው ሶስት ቀን ሙሉ ሲኮሩ ሰነበቱ።) እውነተኛ ጨዋታ ላይ ይሄ አደራደር ይመጣል ወይ ለሚለው በኛ ቤት መጥቶ አላየሁም፣ ግን ኮድ "አይመጣም" በሚል ተስፋ አይጻፍም፣ አንድ ቀን ይመጣና የሰው ስልክ እጁ ላይ ይግላል። አሁን ፕሮግራሙ በየማንሳቱ ሰሌዳውን ያስታውሳል፣ በአንድ ተራ ውስጥ አንድ አይነት ሰሌዳ ከአንድ አይነት ጉድጓድ ጋር ሁለቴ ካየ ያቆማል። ካቆመ በኋላስ ምን ይሁን? እሱን ፕሮግራመር አይወስንም፣ እምዬን ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ተበተነ በል፣ እንደገና ይደርደር፣ ማንም አይፈር" አሉ። ስክሪኑ ላይ ቃል በቃል እሱ ነው የተጻፈው፣ "ተበተነ"።

ስለ ጽሁፍ ካነሳን ደግሞ ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር ይሄ ነው። በእንግሊዝኛ "ተራህ ነው" ለማለት አንድ አረፍተ ነገር ይበቃል፣ ለልጅም ለአዛውንትም ለወንድም ለሴትም። እኔ መጀመሪያ ሳላስብ "ተራው ያንተ ነው" ብዬ ጻፍኩ። እምዬ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው አጸዱና እንደገና አነበቡት። "ማነው እሱ አንተ የሚለኝ?" ኮምፒውተሩ ነው እምዬ። "የማን ልጅ ነው?" እሺ ብዬ ወደ "እርስዎ" ቀየርኩት፣ "ተራው የእርስዎ ነው፣ እባክዎ ይምረጡ"። አሁንስ? "ይሄ ደግሞ የቀበሌ ደብዳቤ ነው እንዴ" አሉ። እኛ እምዬን አንቱ ነው የምንላቸው፣ ቤት ውስጥ እርስዎ የሚል የለም። ስለዚህ አሁን አፑ መጀመሪያ ሲከፈት "ማን ልበል?" ይልና አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ ብሎ ያስመርጣል፣ እያንዳንዱ አረፍተ ነገር አራት ጊዜ ተጽፏል፣ 62 አረፍተ ነገር ነበረኝ፣ አባዙት። ልጆቹ ደግሞ ምን ያደርጋሉ፣ አንቱ የሚለውን መርጠው ኮምፒውተሩ አንቱ ሲላቸው መሬት ላይ ይንከባለላሉ።

"አሸነፍክ!" የሚለው ስክሪንም ወጣ። ኮከብ የሚረጭ፣ የሚጨበጨብበት፣ ሁለት ቀን የሰራሁት። እምዬ ዘንድ አንድ ዙር ማሸነፍ ማለት ምንም አይደለም፣ የበላኸውን መልሰህ ጉድጓዶችህን አራት አራት ትሞላለህ፣ የተረፈህ ካለ ከተጋጣሚህ ቤት ትወስዳለህ፣ እንደዛ እየተባለ አንዱ ቤት አልባ እስኪሆን ከሰዓቱን ሙሉ ይቀጥላል፣ መሃል ላይ ቡና ይፈላል። በአምስት ደቂቃ ጭብጨባ ምንድነው? አሁን የሚለው "አንድ ቤት ወሰደ" ነው፣ አለቀ።

ኮምፒውተሩን ተጋጣሚ ስለማድረግ አንዳንዶቻችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ፣ ቶሎ ልለፈው ምክንያቱም ከሁሉም ቀላሉ ነው። በየተራው ቢበዛ 6 ምርጫ ነው ያለው፣ ስድስት ተራ ወደፊት ብታዩ 6 በ6 እየተባዛ 46,656 መንገድ ነው፣ ለርካሽ ስልክ እንኳን ምንም ማለት አይደለም። የዚህ ቤተሰብ ጨዋታዎች ኮምፒውተር ላይ ከገቡ ቆይተዋል፣ ካላህን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ በ1964 ፕሮግራም አድርገውታል። አዋሪ የሚባለው ደግሞ የምዕራብ አፍሪካ ነው፣ እንደኛው 12 ጉድጓድና 48 ጠጠር፣ ህጉ ግን ሌላ፣ እሱን እ.ኤ.አ በ2002 አምስተርዳም ውስጥ ጆን ሮሜይንና ሄንሪ ባል 144 ፕሮሰሰር አስሮጠው በ51 ሰዓት ውስጥ ከነአካቴው ፈቱት፣ 889 ቢሊዮን አደራደር፣ እያንዳንዱ ተቆጥሮ። መልሱ ምን ሆነ? ሁለቱም ካልተሳሳቱ እኩል ይወጣሉ። እምዬ ይሄን ስነግራቸው "ሳይሳሳቱ የሚጫወቱ ሰዎች ምን ያወራሉ?" አሉኝ።

የኔ ችግር ሌላ ነበር፣ ኮምፒውተሩ የ5 አመቷን የእህቴን ልጅ ሁሌ ያሸንፋታል፣ ታለቅሳለች። ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፣ አልፎ አልፎ በዘፈቀደ እንዲሳሳት። ልጅቷ ነቃችበት፣ "ሆን ብሎ ነው" አለች፣ የባሰ አለቀሰች። ከዛ እምዬ ለትንንሽ ልጆች እንዴት እንደሚሸነፉ ቁጭ ብዬ አየሁ፣ በጭራሽ የጅል ጨዋታ አይጫወቱም። ጠጠሩን የሚያንቀሳቅሱት ልጅቷ ቀጥላ ስታነሳ ረጅም እንድትሄድ አድርገው ነው፣ ታነሳለች ትጥላለች፣ ታነሳለች ትጥላለች፣ ሁለት ሶስቴ ሰሌዳውን ትዞረዋለች፣ ልጅ ከመብላት ይልቅ መዞሩን ነው የሚወደው። ይሄ ደግሞ በኮድ በጣም ቀላል ነው! ከስድስቱ ምርጫ ውስጥ ተጋጣሚው በሚቀጥለው ተራ ብዙ ጊዜ እንዲያነሳ የሚያደርገውን ምረጥ፣ አንድ መስመር ነው። "እምዬ ሞድ" አልኩት። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ስራ ውስጥ የምኮራበት እሱ ብቻ ነው።

ከሩቅ መጫወቱን ልንገራችሁና ወደ ጥያቄ እንሂድ። እዚህ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ሲልቨር ስፕሪንግ በበጋቸው በኛ አቆጣጠር ቀን 7 ሰዓት ነው፣ ቅዳሜ እሱ ሰዓት ይመቻቸዋል፣ ማርቆስ ደግሞ ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ። ግን ገበጣ ደስ የሚለው ዕጣ የለውም፣ ዳይስ የለውም፣ የትኛው ጉድጓድ እንደተነሳ ካወቃችሁ ቀሪው ሁሉ ይታወቃል። ስለዚህ የምልከው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ ከ1 እስከ 6፣ ሌላው ስልክ ራሱ ጠጠሩን ይጥላል። ደካማ ኔትወርክም አንዲት ቁጥር አያቅተውም። ብልህ ነኝ አልኩ።

ከዛ አንድ ቅዳሜ ማታ ስልኬ ጮኸ፣ እህቴ ናት፣ ከኋላ ልጁ እየጮኸ ነው፣ በሌላኛው ስልክ እምዬ። እምዬ ጭናቸው ላይ 16 ጠጠር አለኝ ይላሉ፣ ልጁ ስክሪን ላይ እምዬ ያላቸው 12 ነው። ልጁ "እምዬ ዋሸች" ብሏል። እሷ ማለቱ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ ለካ ያን ሳምንት የህጉን ኮድ ነካክቼ እምዬ ስልክ ላይ አፕዴት አድርጌያለሁ፣ አሜሪካ ያለው የድሮው ቨርዥን ነው፣ ቁጥሯ በትክክል ትደርሳለች፣ ሁለቱ ስልኮች ግን አንዷን ቁጥር በሁለት ህግ ነው የሚጥሏት፣ አንድ ተራ ላይ ተለያዩ፣ ከዛ በኋላ ሁለት የተለያየ ጨዋታ ነው የሚጫወቱት። አርባ ደቂቃ ሙሉ! በችኮላ መፍትሄ አገኘሁ አልኩ፣ ከቁጥሯ ጋር የጠጠሩን ድምር ይላኩ፣ ድምሩ ካልገጠመ ያቁም። ልኬው፣ ሞክሬው፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ማን ነው ስህተቱን ያየ? ... አዎ፣ አንተ። ድምሩ ሁሌም 48 ነው። ሰሌዳው ላይ ያለውና የተበላው ሲደመር ምንጊዜም 48፣ ሁለቱ ስልክ እየተጣሉም "48፣ 48፣ እሺ" ይባባላሉ። አሁን የ12ቱም ጉድጓድ ቁጥር ከነህጉ ቨርዥን አብሮ ይሄዳል። ልጁ ደግሞ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ፣ በአማርኛ፣ "ይቅርታ እምዬ፣ አንቱ አልዋሹም" አለ፣ ሰዋስዉን ተዉት።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር፣ ሁሉንም አልጽፈውም። አንዱ "ሰንጠረዥንስ ለምን አትሰራም" አለኝ። ሰንጠረዥ፣ የኛን የድሮውን ቼዝ፣ አስቤበታለሁ፣ ግን እሱ ወረራ አለው፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል የለም፣ ሁለቱም እንደፈለጉ በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ይሄን በደካማ ኔትወርክ አስቡት፣ ማን ቀደመ የሚለው ብቻ ሌላ ስምንት ወር ነው።

መጨረሻ ላይ ፊት ለፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። "እኛ አያቴ ጋር ሶስት ረድፍ ነው፣ 18 ጉድጓድ" አለች፣ "ያንተ ጥያቄ የሚያመጣው ስክሪን ላይ ሶስት ረድፍ የሚል አለ?" ዝም አልኩ። ኮዱ ፕሮጀክተሩ ላይ ክፍት ነበር፣ ሁሉም እያየ ኮምፒውተሩን 12 የሚለውን ፈልግ አልኩት። 37 ቦታ ወጣ፣ በቀጥታ የተጻፈ 12፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ህጉ ሰዎቹ መሃል ነው እያልኩ ስለፈልፍ የነበርኩት ሰውዬ። 6ን ለመፈለግ ድፍረቱ አልነበረኝም።

የአያቷን ስልክ ተቀብያለሁ። ከሰዓት በኋላ ደውል ብላኛለች፣ ጠዋት ቤተክርስቲያን ናቸው።